ብረቱን ጠይቂው

ባለፈው ሳምንት አብራችሁን የነበራችሁ ትንሽ ታገሱኝ፤ ዛሬ ለመጣው እንግዳ ነገሩን ከሥሩ ላስይዘው። የምናወራው ስለ ሁለት ወጣቶች ነው። አንደኛዋ ብረት መርማሪ ናት። ላቦራቶሪ ተቀጥራ ጋራዥ ለጋራዥ ስትዞር የምትውል፣ ከአፏ የሚወጣው ሁሉ ስለት ያለው፣ በዚህም የተነሳ «ሞረድ» የሚል ቅጽል የወጣላት ልጅ ናት። ሁለተኛው የመኪና እሽቅድድም ተወዳዳሪ ነው። ሌላው ሰው ፍሬን በሚይዝበት መታጠፊያ ላይ እሱ ነዳጅ ስለሚሰጥ «ኩርባ» ይሉታል። ስሙን ያወጡላቸው ጓደኞቻቸው ናቸው፤ እኔ የለሁበትም።

ኩርባ የሀብታም ልጅ ነው። አባቱ የብዙ ጭነት መኪናዎች ባለቤት ሲሆኑ ሠራተኞቻቸው እሳቸው በሌሉበት «ትልቁ ሰውዬ»፣ ባሉበት ደግሞ «ጋሼ» ይሏቸዋል። በወጣትነታቸው እሳቸውም ይወዳደሩ ነበር። ታዲያ አንድ ቀን ውድድር መሃል መኪናቸው መታጠፊያ ላይ ከሥራቸው ተሰብሮ ተገለበጠ። እግራቸው ከዚያ ወዲህ ያነክሳል፤ ውድድሩንም በዚያው ተሰናበቱ። የመኪናውን ሻንሲ፣ ማለትም ሞተሩም ወንበሩም ጎማውም የሚታሰርበትን የቱቦ አጽም፣ ከባዶ ተነስተው የበየዱላቸው የልብ ጓደኛቸው ነበሩ። ትልቁ ሰውዬ ግን «ጥሩውን ብረት ሸጦ የውሃ ቱቦ በየደልኝ» ብለው በየደረሱበት ስማቸውን አጠፉት። በያጁም ከዚያ በኋላ መኪና የሚባል ነገር አልነኩም። የሰው በርና መስኮት እየበየዱ አንዲት ልጅ አሳደጉ። ያቺ ልጅ ማን እንደሆነች ሳልነግራችሁ ገብቷችኋል።

ልጆቹ ግን ይህን ሁሉ አያውቁም ነበር። ኩርባ የአባቱን ስብርባሪ መኪና ከመጋዘን ጥግ ጎትቶ አወጣና እንደገና ሊያሽቀዳድመው ተነሳ። የውድድሩ ኮሚቴ «ቱቦው ምን ዓይነት ብረት እንደሆነ ሳይታወቅ ሜዳ አይገባም» ሲለው ላቦራቶሪ ሄደ፤ ላቦራቶሪው ሞረድን ላከለት። አብረው ቀለም ሲፍቁ ሰነበቱ፤ ቀለሙ ሳያልቅ ተዋደዱ። የማን ልጅ እንደሆነች የታወቀው ኩርባ ምሳ ላይ አባቱ ፊት በኩራት ስሟን የጠራ ዕለት ነው። ትልቁ ሰውዬ ማንኪያቸውን አስቀመጡና «የዚያ ሰውዬ ልጅ ቤቴን አትረግጥም» አሉ። ምሳው በዚያው ቀረ፤ ኩርባም የድሮውን ክስ ያን ቀን ሰምቶ ለሞረድ ነገራት።

እንግዲህ በዚህ ሳምንት የሆነውን ስሙ።

ማክሰኞ ጠዋት ነው። መኪናው የተቀመጠበት ጋራዥ ሰፊ ነው፤ ጣራው ቆርቆሮ፣ ወለሉ ዘይት የጠጣ ሲሚንቶ። ሻንሲው መሃል ላይ በብረት እግሮች ተደግፎ ቆሟል። ቀለሙ ተፍቆ ስላለቀ እርቃኑን ነው። ከሾፌሩ ወንበር በስተግራ ያለው ወፍራም ቱቦ ከመጋጠሚያው አጠገብ ለሁለት ተሰብሯል። ሁለት ቤተሰብ ዓይንህን ላፈር የተባባለው በዚህች ስብራት የተነሳ ነው።

ሞረድ መነጽሯን አድርጋ የብረት መፍጫ ግራይንደሯን አነሳች። ዓይን ብቻውን ብረትን ከብረት አይለይም፤ ማግኔትም ሁሉንም እኩል ይስባል። ብረት ግን ሲፈጭ በፍንጣሪው ማንነቱን ይናገራል። ተራ ብረት የሚረጨው ፍንጣሪ ረጅምና ቀጥ ያለ ነው። ለእሽቅድድም የሚመረጠው፣ ክሮሚየምና ሞሊብዴነም የተቀላቀለበት ብረት ደግሞ ፍንጣሪው ጫፉ ላይ ሲደርስ ቀላ ያለች የቀስት ጫፍ የመሰለች ነገር ያሳያል። እሷን ለማየት ዓይንም ትዕግስትም ያስፈልጋል።

«መብራቱን አጥፋው» አለችው።

ኩርባ አጠፋው። በዚያው አጋጣሚ እጁን ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገ።

«እጅህንም አጥፋው።»

«እጅ አይጠፋም።»

«ግራይንደር ይዣለሁ እኮ! ይጠፋል።»

ሳቀና እጁን ሰበሰበ። እሷም በጨለማው ውስጥ ፈገግ አለች፤ እንዳላየ ግን እርግጠኛ ነበረች። ከዚያ ግራይንደሩን ከፊት በኩል ያለው የመጀመሪያው ቱቦ ላይ አሳረፈችው። ፍንጣሪው ረጅም ሆኖ ቀጥ ብሎ ሄደ። ጫፉ ላይ ምንም የለም። ወደ ሁለተኛው አለፈች። ያው ነው። ደግማ ሞከረች፤ ያው ነው።

ግራይንደሩን አጠፋችው። ኩርባ ፍንጣሪ ማንበብ ያስተማረችው እሷ ናትና ያየችውን አይቷል።

«ተራ ነው አይደል?» አላት።

«እነዚህ ሁለቱ ተራ ናቸው።» ድምፅዋ የራሷ አልመስል አላት።

መብራቱን አበራና ፊቷን አየው። እንደዚያ ሆና አይቷት አያውቅም። ደግ ልብ ያላቸው ወንዶች ሳያስቡ የሚያደርጉትን አደረገ።

«በቃ፣ እዚህ ላይ እናቁም» አላት። «ሌላውን አትንኪው። ሻንሲውን በሙሉ በአዲስ ብረት አሠራዋለሁ፤ ለኮሚቴውም አዲስ ነው እላለሁ። አባቴም አይሰማ፣ አባትሽም አይሰሙ። ያኔ ቸግሯቸው ይሆናል፤ ሰው ሲቸግረው ስንት ነገር ያደርጋል። እኔ እንደሆነ ቂም የለኝም። ይቅር ብያቸዋለሁ።»

ይህን የተናገረው ከፍቅር ነው፤ እመሰክርለታለሁ። ግን አንዳንድ ፍቅር አፉን ባይከፍት ይሻለዋል።

ሞረድ መነጽሯን ቀስ ብላ አወለቀች። «ይቅር አልካቸው?»

«አዎ፣ ከልቤ።»

«ማን ለምኖህ?»

«እንዴት ማለት...»

«ማን ለምኖህ ነው ይቅር ያልካቸው? አባቴ ሌባ ነው ብለህ ፈርደህ ጨርሰህ፣ ምሕረቱንም ራስህ ሰጥተህ፣ አሁን አመስግኚኝ ነው የምትለኝ? አባትህ በጩኸት ያሉትን አንተ በለሆሳስ አልከኝ። ልዩነታችሁ የድምፅ ነው!»

«ሞረዴ፣ እኔ እኮ አንቺን እንዳላጣሽ ብዬ ነው።»

«እኔን እንዳታጣ አባቴን ከነስሙ ትቀብርልኛለህ? ስማኝ። ተራ ብረት ከሆነ ተራ ነው ብዬ በገዛ እጄ እጽፋለሁ። ካልሆነ ደግሞ አባትህ አፋቸውን ሞልተው እንዳወሩት አፋቸውን ሞልተው ይመልሱታል። በድብቅ ግን አንድም ቱቦ አይቀየርም። እኔ የምገባበት ቤት ቢኖር በፊት ለፊት በሩ ነው የምገባው።»

ዕቃዋን ሰብስባ ወጣች። ኩርባ ተከትሏት ሊሮጥ እግሩን አነሳና መልሶ ተከለው፤ እንደዚያ ስትሄድ የሚከተላት ሰው ምን እንደሚጠብቀው ያውቃል። እሷም መንገዱን እስክታገባድድ ቀና እንዳለች ሄደች። ታክሲ ውስጥ ከተቀመጠች በኋላ ነው ሆድ የባሳት። ያናደዳት እሱ ብቻ አልነበረም። ሁለተኛው ፍንጣሪ ቀጥ ብሎ ሲሄድ፣ በዚያች ጨለማ ውስጥ፣ ለአንዲት ቅጽበት እሷም «አባቴ አድርጎት ይሆን?» ብላ ነበር። ይህችን ለማንም ልትነግር አትችልም፤ እያለቀሰችም ለራሷ ልትክዳት አልቻለችም።

*

የአባቷ ሥራ ቤት መንገድ ዳር ናት። ያለቁ በሮች ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል። አባትየው ቀጭን፣ ረጅም፣ ክንዳቸው በፍንጣሪ ጠባሳ የተዥጎረጎረ ሰው ናቸው። አንድ በር ሠርተው ሲጨርሱ በትንሿ ጣታቸው ገፋ ያደርጉታል፤ ሲጥ ካለ ደንበኛው ቆሞ ቢለምናቸውም አያስረክቡም። ያን ቀን ልጃቸው ስትመጣ የውጭ በር እየበየዱ ነበር። ጭምብላቸውን ወደ ላይ አነሱና ፊቷን አንድ ጊዜ አይተው ማሽኑን አጠፉት።

«አባዬ።»

«አቤት የኔ ልጅ።»

«ያ ሻንሲ... ምን ብረት ነው የሠራህበት?»

በያጁ ጓንታቸውን አንድ በአንድ አወለቁ። «የሚጠይቀኝ ማን ነው? ልጄ ናት ወይስ ላቦራቶሪው?»

ይህን አልተዘጋጀችበትም። «ሁለታችንም» አለች።

«ለላቦራቶሪው እኔ ምስክር መሆን አልችልም፤ የራሴ ጉዳይ ነው። ብረቱን ጠይቂው። እሱ አያዳላም።»

«ለልጅህስ?»

የጀመሩትን በር በመዳፋቸው ዳበሱት። «ልጄማ» አሉ በመጨረሻ፣ «ባትጠይቀኝ ደስ ይለኝ ነበር።»

ቢቆጧት ይሻላት ነበር። ሞረድ እንባዋን ዋጥ አድርጋ መሬት መሬት አየች። ከዚያ «ቅዳሜ ጠዋት ሰው ሁሉ ባለበት እመረምረዋለሁ። እሳቸውም ባሉበት። ትመጣለህ?» አለቻቸው።

«እነሱ ናቸው የጠሩኝ?»

«የለም። የጠራሁህ እኔ ነኝ።»

ጭምብላቸውን መልሰው አጠለቁ። «እንግዲያው ያቺን ነጭ ሸሚዜን ተኩሺልኝ» አሉ ከውስጥ ሆነው። «እንደ ተከሳሽ አልሄድም።»

ለጋራዡም ቀጠሮውን አስታወቀች፤ በዚያው ዕለት ስልኳ ላይ ከኩርባ መልእክት ገባ። «ቅዳሜ ትመረምሪያለሽ አሉ። አባቴን ጆሯቸውን ጎትቼም ቢሆን አመጣቸዋለሁ። ይቅርታ የምትለዋን ቃል ካንቺ በኋላ ፈርቻታለሁ፤ ስለዚህ አልጻፍኳትም» ይላል። አነበበችና አልመለሰችለትም። ከዚያ ደግሞ አነበበችው። በእርግጥም ኩርባ የማይሞከር ነገር ሞክሮ ነበር። አባቱ ፊት ቆሞ «አባባ፣ ይህን ሁሉ ዘመን ያወሩትን በዓይንዎ ለማየት ይፈራሉ እንዴ?» ብሏቸው ነበር። ትልቁ ሰውዬ ብዙ ስድብ ይችላሉ፤ ፈሪ መባልን ግን አይችሉም።

*

ቅዳሜ ጋራዡ ጢም አለ። መካኒኮቹ ሥራ የያዙ መስለው ቁልፍ ያዙ እንጂ አንድም ብሎን የፈታ የለም። ትልቁ ሰውዬ ከዘራቸውን ተደግፈው ከሻንሲው በአንደኛው ወገን ቆሙ። በያጁ ነጭ ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው በሌላኛው ወገን ቆሙ። ሰላምታ አልነበረም። ሁለቱም ዓይናቸውን የጣሉት ብረቱ ላይ ነው፤ እኔ እንደማስበው ሁለቱም ያዩት ወጣትነታቸውን ነው። ኩርባ ሞረድን አየ። ሞረድ መሣሪያዋን አየች።

«እኔ እዚህ ካሉት የአንደኛው ልጅ ነኝ» ብላ ጀመረች፣ «የአንደኛው ደግሞ...» ብላ ቆመች። አንድ መካኒክ ሳል አስመስሎ ሳቀ። ፊቷ ቀላ፤ ግን አልተደናገጠችም። «ስለዚህ እኔ ብፈርድ ማንም አያምነኝም። ጋሼ፣ መሣሪያውን እርስዎ ይያዙት።»

ድሪል የመሰለ መሣሪያ ዘረጋችላቸው። የጸዳ ብረት ላይ ሲያስጠጉትና ሲጫኑት በውስጡ ያለውን ሁሉ መስኮቱ ላይ ያሳያል። መጀመሪያ ዓይነታቸው በታወቀ ሁለት ቁራጭ ቱቦዎች ላይ አስሞከረቻቸው፤ አንዱን ተራ፣ ሌላውን ክሮሚየምና ሞሊብዴነም ያለበት ነው አለ። ትልቁ ሰውዬ ራሳቸውን ነቀነቁ። መሣሪያውን አምነዋል።

ከፊት ጀመሩ። የመጀመሪያው ቱቦ ተራ ብረት። ሁለተኛውም ተራ ብረት።

«አላልኳችሁም?» አሉ ትልቁ ሰውዬ ደረታቸውን ነፍተው። ጋራዡ አጉረመረመ።

«እነዚህ የፊት መከለያውን ብቻ የሚይዙ ናቸው» አለች ሞረድ። ማክሰኞ ዕለት በድንጋጤ ያላስተዋለችው ይህንን ነበር። «ሸክም የለባቸውም፤ ተራ ብረት ይበቃቸዋል። አሁን ሸክም ወዳለባቸው እንሂድ።»

ከሾፌሩ ራስ በላይ የሚዞረውን ቱቦ ነኩ። ክሮሚየም፣ ሞሊብዴነም። የቀኙን ነኩ። ክሮሚየም፣ ሞሊብዴነም። ከሥር ያለውን፣ ከኋላ ያለውን፣ አንድም ሳይቀር ነኩ። ትልቁ ሰውዬ ውጤቱን ጮክ ብለው ማንበብ የጀመሩ ሰው፣ እየቆዩ ሲሄዱ ድምፃቸው እያነሰ፣ በመጨረሻ በከንፈራቸው ብቻ ቀሩ። የተሰበረው ቱቦ ጋ ደረሱ። ከስብራቱ ወዲህ ተጫኑ። ከስብራቱ ወዲያ ተጫኑ። ከዚያ መሣሪያውን ሱሪያቸው ላይ ጠርገው እንደገና ተጫኑ።

ክሮሚየም፣ ሞሊብዴነም።

ሞረድ አባቷን አየች። ቀና ብለው እንኳ አልኮሩም፤ የጫማቸውን ጫፍ ነበር የሚያዩት። የእሷ ደረት ግን ሊፈነዳ ደረሰ። ያን ሁሉ ዘመን የሰው በር ሲሠሩ፣ ሰው በጀርባቸው ሲንሾካሾክ፣ ይህ ንጹሕ ብረት በአንድ መጋዘን ጥግ ሸራ ለብሶ ተኝቶ ነበር።

«ታዲያ ለምን ተሰበረ?» ትልቁ ሰውዬ ጮኹ። ቁጣ አልነበረም፤ ከቁጣ የባሰ ነገር ነበር። «ጥሩ ብረት ከሆነ ለምን ከሥሬ ተሰበረ? እግሬን ማን በላው?»

መልሱን እሷም አታውቅም። ከመሣሪያ ሳጥኗ ሞረድ አወጣች። ከስብራቱ ራቅ ያለ ቦታ ላይ ስትሞርደው ጥርሱ ያዘ፤ የብረት ብናኝ ረገፈ። ወደ መጋጠሚያው አስጠግታ ስትሞርድ ግን ሞረዱ ሲጥ ብሎ ተንሸራተተ። ምልክት እንኳ አልተወም። ዞር ብላ በሌላ በኩል ሞከረች፤ ተንሸራተተ። ያኔ ገባት።

«ይህ መጋጠሚያ ትኩስ እያለ ውሃ ነክቶታል» አለች። «ተራ ብረት ቢሆን ብዙም አይጎዳውም ነበር። ይህኛው ብረት ግን ፍም መስሎ ሳለ ውሃ ካገኘው እንደ ብርጭቆ ይሆናል። ሲያዩት ጠንካራ ነው፤ ሲንገጫገጭ ግን ይሰነጠቃል። በራሱ ጊዜ መቀዝቀዝ ነበረበት።»

ሰው ሁሉ ዓይኑን ወደ በያጁ መለሰ። ብየዳውን የሠራው ማን ሆነና! ሞረድ ራሷ ወደ አባቷ ዞረች።

«እሳቸው አላደረጉትም።» ኩርባ ነበር። ከጥግ ወጥቶ መሃል ቆሟል።

«አንተ ደግሞ ምን ታውቃለህ?» አሉት አባቱ።

«ምንም አላውቅም። ግን እሳቸው አላደረጉትም። እኔ ይህን ሻንሲ በእጄ እየዳሰስኩ ነው የሰነበትኩት። እንደዚህ አድርጎ የሠራ ሰው በገዛ ሥራው ላይ ውሃ አይደፋም። ማክሰኞ ዕለት ይህን ማለት ሲገባኝ ሌላ ነገር ተናግሬያለሁ። ዛሬ ሰው ሁሉ ይስማኝ፤ አላደረጉትም።»

ሞረድ ከማክሰኞ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀጥ ብላ አየችው። በእጁ ማስረጃ የሚባል ነገር የለም። እንዲያው በባዶ እጁ አባቱ ፊት ቆሟል። የያዘችው ሞረድ ከእጇ እንዳይወድቅ ጠበቅ አደረገችው።

ትልቁ ሰውዬ አጠገባቸው የነበረ ጎማ ላይ ቁጭ አሉ።

«እኔ ነኝ» አሉ። ማንም አልሰማቸውም። «እኔ ነኝ አልኩ እኮ!»

መካኒኮቹ ቁልፋቸውን አስቀመጡ።

«የውድድሩ ዕለት ጠዋት ነው። ይቺን መጋጠሚያ እንደገና በየዳትና 'እስክትቀዘቅዝ እንዳትነካት፣ እጄን ታጥቤ እመጣለሁ' ብሎኝ ሄደ። ወዲያው በድምፅ ማጉያ ጠሩን። እኔ የጭነት መኪና ሰው ነኝ። እኛ ቤት የጭነት መኪና ሻንሲ ሲበየድ አንድ ባልዲ ውሃ ይደፋበትና ሥራ ይቀጥላል። አባቴም እንደዚያ ነበር የሚያደርገው። ደፋሁበት። ጭሱ ቡን ብሎ ሲወጣ፣ በቃ ቀዝቅዟል ብዬ ዘልዬ ገባሁ።» ከዘራቸውን አጥብቀው ያዙ። «ጥፋት መሆኑን አላውቅም ነበር። እስከ ዛሬ አላውቅም ነበር።»

ከዚያ ቀና ብለው ጓደኛቸውን አዩ። «አንተስ? ታውቅ ነበር?»

«ስብራቱን አየሁት» አሉ በያጁ። «የበየድኩበት ወለልም ርጥብ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም? ይህን ሁሉ ዘመን ስሰድብህ!»

«ልነግርህ ሆስፒታል መጥቼ ነበር። እግርህ ታስሮ ወደ ላይ ተሰቅሏል፤ ዓይንህ ጣራው ላይ ቀርቷል። እንዲያ ለሆነ ሰው 'በገዛ እጅህ ነው' ይባላል? ከበሩ ተመለስኩ። ሲድን እነግረዋለሁ አልኩ። ስትድን ግን ሌባ አልከኝ። የማያውቀኝ ቢለኝ ኖሮ አስረዳው ነበር። አንተ ስትለኝ ግን ማስረዳቱ ነውር ሆነብኝ።»

ሞረድ አባቷን የምታውቃቸው ይመስላት ነበር። ዝምታቸውን ድካም ትለው ነበር፤ አንዳንዴም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ሽንፈት ትለው ነበር። ለካስ ያ ሰው አንዲት ቃል ተናግሮ ስሙን ማዳን እየቻለ፣ የተኛ ሰው ላለመምታት ብሎ ሁሉንም ተሸክሞ ኖሯል። እንዲህ ያለ ሰው ልጅ ነኝ ብላ አሰበች።

ትልቁ ሰውዬ ተነሱ። ሊደግፏቸው የተጠጉትን በእጃቸው መለሷቸው።

«ስሙ ሁላችሁም! ይህን ሻንሲ የሠራው እሱ ነው። ብረቱ ንጹሕ ነው፣ እጁም ንጹሕ ነው። የሰበርኩት እኔ ነኝ። ስሙን ያጠፋሁትም እኔ ነኝ። ያወራሁበት ቦታ ሁሉ ሄጄ፣ በዚችው በምታነክሰው እግሬ ሄጄ፣ እመልሰዋለሁ።» ከዚያ ወደ ጓደኛቸው ዞሩ። ድምፃቸው ወረደ። «ይቅር በለኝ።»

በያጁ አልቸኮሉም። ወደ ሻንሲው ጎንበስ ብለው ስብራቱን በአውራ ጣታቸው ዳበሱት። «ይህን ቱቦ ማን ነው የሚተካው?» አሉ።

«አንተ እሺ ካልክ፣ አንተ።»

«በሉ ቱታ አምጡልኝ። በነጭ ሸሚዝ አይበየድም።»

ትልቁ ሰውዬ ሊስቁ ሞከሩና አቃታቸው፤ ጓደኛቸው ትከሻ ላይ ግንባራቸውን ደፍተው እንደ ልጅ አለቀሱ። መካኒኮቹ ያን ጊዜ በእርግጥ ሥራ ጀመሩ፤ የሚያዩበት ጠፍቷቸው።

*

አባትየው ቱታውን ሲቆልፉ ሞረድ ተጠጋቻቸው።

«አባዬ፣ እኔም ጠርጥሬህ ነበር። ትንሽ ጊዜ ነው፤ ግን ጠርጥሬህ ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«ታውቃለህ?»

«ፊትሽ ላይ ነበር። መጀመሪያ ከፋኝ፤ አልዋሽሽም። ኋላ ግን አሰብኩት። ባትጠረጥሪ ኖሮ አትመረምሪም ነበር። ሳትመረምሪ 'አባቴ ንጹሕ ነው' እያልሽ ብትጮኺ ማን ይሰማሽ ነበር? የበያጅ ልጅ ለአባቷ አደላች ይሉሽ ነበር።» አንገትጌያቸውን አስተካከሉ። «ስሜን የመለስሽልኝ ስለምትወጂኝ አይደለም፤ ሥራሽን ስለምታውቂ ነው። በሠራሁት ነገር ሁሉ እንዳንቺ ኮርቼ አላውቅም።»

አዲሱን ቱቦ ገጥመው በየዱት። ጋራዡ በሰማያዊ ብርሃን ብልጭ ድርግም ሲል ሰው ሁሉ ፊቱን አዞረ። ሲጨርሱ መጋጠሚያው ፍም መስሎ ቀላ። ያኔ ትልቁ ሰውዬ ወንበር ጎትተው መጋጠሚያው አጠገብ ተቀመጡ። ከዘራቸውን በጉልበታቸው ላይ አጋድመው፣ ማንም እንዳይጠጋ ዘብ ቆሙለት። በያጁም ሌላ ወንበር አምጥተው ጎናቸው ተቀመጡ። ሁለቱ አዛውንቶች ብረት እስኪቀዘቅዝ ለመጠበቅ ጊዜ ነበራቸው።

ኩርባና ሞረድ ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ።

«ማክሰኞ ያልኩሽ...» ብሎ ጀመረ።

«ሰምቼሃለሁ።»

«ዛሬ ያልኩትስ?»

«እሱንም ሰምቻለሁ። ያለ ማስረጃ ነው የተናገርከው። ከሙያዬ ጋር አይሄድም።»

«ከልብሽ ጋርስ?»

ያቺ ሞረድ የተባለች ልጅ፣ መልስ አጥታ የማታውቅ ልጅ፣ የጓንቷን ጫፍ ትጎነጉን ጀመር። ኩርባም ሲጨንቀው የውሃ ጠርሙሱን ከፈተ።

«አንተ!» አሉ ትልቁ ሰውዬ ከወንበራቸው ብድግ ብለው። «ውሃውን ከዚህ አርቅልኝ!»

በያጁ ሳቁ። ጭንቅላታቸውን ወደ ኋላ ጥለው፣ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ልጃቸው ከተወለደች ጀምሮ እንዲህ ሲስቁ ሰምታ አታውቅም። ድምፁ እንደዚህ ወፍራም መሆኑን እንኳ አታውቅም ነበር። እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

«ምን ሆንሽ?» አላት ኩርባ ደንግጦ።

«ምንም አልሆንኩም። ኮርቼ ነው።»

«በኔ?»

«በአባቴ» አለችው እንባዋን በእጅጌዋ እየጠረገች። «ባንተ ለመኩራትማ ዕድሜዬ ሙሉ አለልኝ።»

ኩርባ ነገሩ የገባው ትንሽ ቆይቶ ነው። ሲገባው ግን ጠርሙሱን መክደን አቃተው።